ያውቁ ኖሯል? ለድራማ ተፈጥሮ እውነተኛ የሆነው ባንድ

ማሊቡ፣ ካሊፎርኒያ። ባሕር ዳርቻ ላይ ባለች ቤት አራት ጎረምሶች አብረው ይኖራሉ። ባንድ አላቸው፤ ሥራ የላቸውም። የቤት ኪራይ ያስጨንቃቸዋል፤ የተገኘ ድግስ ላይ ይጫወታሉ፤ ዝናን ያሳድዷታል፤ እሷ ትሸሻቸዋለች። «ዘ መንኪስ» የተባለው የአሜሪካ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ነገሩ ይኸው ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ 58 ክፍሎች ታዩ፤ ልጆቹ በድራማው ውስጥ ዝነኛ ሳይሆኑ ቀሩ። ከድራማው ውጪ ግን በ1967 ብቻ አራት አልበሞቻቸው በየተራ በቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። በአንድ ዓመት ውስጥ አራት አልበም አንደኛ ያደረገ ሌላ ባንድ ወይም ዘፋኝ እስካሁን የለም። (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

የመጀመሪያው ክፍል በኤንቢሲ ጣቢያ የታየው ሰኞ ማታ መስከረም 12 ቀን 1966 ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ማግስት መሆኑ ነው። ልክ በ26 ዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ጣቢያ ሌላ የወጣት ባንድ ድራማ ተጀመረ፤ «ካሊፎርኒያ ድሪምስ»።

ተዋንያኑ የተመለመሉት በጋዜጣ ማስታወቂያ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ፕሮዲዩሰሮቹ ቦብ ራፈልሰንና በርት ሽናይደር በመስከረም 1965 የፊልም ሰዎች በሚያነቧቸው ሁለት ጋዜጦች ላይ «እብድ» የሆኑ፣ ዕድሜያቸው ከ17 እስከ 21 የሆነ አራት ልጆች እንደሚፈልጉ አስነገሩ። 437 ሰው መጣ። ከተመረጡት አራት ውስጥ ማስታወቂያውን አይቶ የመጣው ግን አንድ ብቻ ነው፤ የቴክሳሱ ማይክል ኔስሚዝ። እሱም የሱፍ ኮፍያ አናቱ ላይ ጥሎ፣ ልብስ ሊያሳጥብ የወጣበትን ከረጢት እንደተሸከመ ገባ። ኮፍያውን ወደዱለት፤ በድራማው ሁሉ አደረገው። በነገራችን ላይ ኔስሚዝ ያኔ 22 ዓመቱ ነበር፤ ሌላው ተመራጭ ፒተር ቶርክ ደግሞ 23። ማስታወቂያው ካለው ዕድሜ ሁለቱም አልፈዋል፤ የጠየቃቸው የለም።

ኦዲሽኑን ከወደቁት አንዱ ስቲቨን ስቲልስ ነው። በኋላ «ክሮዝቢ፣ ስቲልስ ኤንድ ናሽ» ከተባለው ቡድን ጋር ስሙ የገነነው ያው ስቲልስ። ሳይመረጥ ሲቀር «እኔን የሚመስል ጓደኛ አለኝ» ብሎ የላከላቸው ሰው ቶርክ ነበር። ሰው ሥራ ሲያጣ እንዲህ ለጓደኛ ማሰብም አለ።

ነፍሰ ገዳዩ ቻርልስ ማንሰንም ለዚህ ድራማ ተፈትኖ ወድቋል የሚል ወሬ ሰምተው ይሆናል። ውሸት ነው። ኦዲሽኑ ሲካሄድ ማንሰን እስር ቤት ነበር፤ የተፈታው በ1967 ነው።

ከአራቱ ሌላውን፣ ዴቪ ጆንስን እንውሰድ። የእንግሊዟ ማንቸስተር ልጅ ነው፤ በልጅነቱ የፈረስ እሽቅድምድም ጋላቢ ለመሆን ይሠለጥን ነበር። ከዚያ ወደ ቲያትር ተሳበና በኒውዮርክ ብሮድዌይ «ኦሊቨር!» በተባለው ሙዚቃዊ ቲያትር የትንሹን ኪስ አውላቂ ሚና ተጫወተ፤ ለቶኒ ሽልማትም ታጨ። የካቲት 9 ቀን 1964 የቲያትሩ ቡድን በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀረበ። በዚያው ምሽት፣ በዚያው መድረክ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ በቀጥታ የታዩ አራት እንግሊዛውያን ነበሩ፤ ቢትልስ። 73 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያየውን ያን ምሽት የ18 ዓመቱ ዴቪ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ አየው፤ የልጃገረዶቹን ጩኸት ሰምቶ እሱም ይህ እንዲደርሰው ተመኘ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ጩኸቱ ለእሱ ሆነ።

ሌላ ዴቪድ ጆንስ የሚባል እንግሊዛዊ ዘፋኝ ደግሞ ከዚህኛው ጋር እንዳይምታታበት ስሙን ለወጠ። አዲሱ ስሙ ዴቪድ ቦዊ ነው።

«ስታር ትሬክ»ን የሚወድ አንባቢ ካለ ደግሞ ይህን ይያዝ፤ ሩሲያዊው መርከበኛ ቼኮቭ የተጨመረው የዴቪ ጆንስን ዓይነት መልክ ያለው ወጣት ተፈልጎ ነው። ተዋናዩ ዋልተር ኬኒግ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ዊግ ያደርግ ነበር፤ ጸጉሩ እስኪያድግ።

ድራመር ሆኖ የምናየው ሚኪ ዶለንዝ መጀመሪያ ላይ ድራም መምታት አይችል እንደነበር ያውቁ ኖሯል? በልጅነቱ «ሰርከስ ቦይ» በተባለ ተከታታይ ድራማ ላይ ከዝሆን ጋር ይተውን የነበረ ልጅ ነው፤ እጁ የሚያውቀው ጊታር ነበር። ድራም የሚችለው ዴቪ ነው። ግን ዴቪ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ከድራሙ ጀርባ ቢቀመጥ ካሜራው አያገኘውም፤ የልጃገረዶቹ ተወዳጅ ደግሞ መታየት አለበት። ስለዚህ የማይችለውን አስቀመጡት፣ የሚችለውን አታሞ አስይዘው ፊት አቆሙት። ሚኪ ግን ተማረ፤ በታኅሣሥ 1966 ሃዋይ ላይ የመጀመሪያውን ኮንሰርት ሲያቀርቡ ድራሙን ራሱ መታ።

ለሙከራ የተሠራው የመጀመሪያ ክፍል ለተመልካች ታይቶ ውጤቱ ክፉኛ ወደቀ። ሰዎቹ ልጆቹን አልወደዷቸውም፤ እነዚህ ሥራ ፈቶች እነማን ናቸው አሉ። ራፈልሰን ድርሰቱን አልነካውም። ዴቪና ማይክል ለኦዲሽን ሲመጡ የተቀረጸውን ቃለ ምልልስ፣ ያንን ቀልድና ድንጋጤ የተቀላቀለበትን ወሬያቸውን፣ ቆርጦ ገጠመበት። በድጋሚ ሲታይ ውጤቱ ወደ ላይ ተተኮሰ። ተመልካቹ ልጆቹን እንደ ራሳቸው ሆነው ሲያወሩ ካየ በኋላ የሚሠሩትን ጥፋት ሁሉ ይቅር አላቸው።

ሌላም ያልተለመደ ነገር ነበረው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ቴሌቪዥን ወጣት ካለ አባት፣ አጎት ወይም አስተማሪ አብሮ ይኖራል። እዚህ ቤት አዋቂ የለም። ምክር ሲፈልጉ የሚሄዱት ጥግ ላይ ወደ ተቀመጠ የእንጨት አሻንጉሊት ነው፤ ገመዱ ሲሳብ ይናገራል። ስሙ «ሚስተር ሽናይደር» ይባላል፤ በፕሮዲዩሰሩ ስም።

ወደ ሙዚቃው እንምጣ፤ ጠቡም ያለው እዚሁ ነው። ዘፈኖቹን የሚመርጠው ዶን ከርሽነር የሚባል የኒውዮርክ አሳታሚ ነበር። ሰውየው የሚሸጥ ዜማ ያሸታል፤ አፍንጫው አይስትም። ደራሲዎቹን ቀጠረ፣ ስቱዲዮ ሙዚቀኞቹን ሰበሰበ፤ አራቱ ልጆች ገብተው ድምፃቸውን ብቻ ሰጡ። «ላስት ትሬን ቱ ክላርክስቪል» የተሰኘው የመጀመሪያ ዘፈናቸው ድራማው ሳይጀመር በነሐሴ 1966 ወጣ፤ አንደኛም ሆነ። የፍቅር ዘፈን ይመስላል። ደራሲዎቹ ቶሚ ቦይስና ቦቢ ሃርት ግን ወደ ጦርነት የሚሄድ፣ ይመለስ አይመለስ የማያውቅ ወጣት ስንብት አድርገው ነው የጻፉት። የቬትናም ጊዜ ነው፤ በይፋ ቢሉት ማን ያጫውትላቸዋል?

«አይም ኤ ቢሊቨር»ን ልጆችዎ «የሽሬክ ዘፈን» ይሉት ይሆናል፤ በ2001 የወጣው የካርቱን ፊልም ስማሽ ማውዝ በተባለ ባንድ አስዘፍኖታል። መጀመሪያ የዘፈነው ሚኪ ዶለንዝ ነው፣ የጻፈው ኒል ዳያመንድ። የመንኪሶቹ ቅጂ ገና ሳይወጣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ትእዛዝ ቀርቦለት ነበር፤ ሰባት ሳምንት አንደኛ ላይ ተቀመጠ።

ኔስሚዝ ግን ደስ አላለውም። ከመንኪስ በፊት ዘፈን ይጽፍ ነበር። «ዲፈረንት ድራም» የተባለውን ሥራውን ለድራማው አቅርቦ አልተቀበሉትም። በአንድ ክፍል ላይ እንደ ቀልድ፣ ቃላቱን እየዋጠ፣ በሩጫ ሲዘፍነው ይታያል። በ1967 ያንኑ ዘፈን ያኔ ገና ያልታወቀችው ሊንዳ ሮንስታት «ስቶን ፖኒስ» ከተባለው ቡድኗ ጋር ዘፈነችውና በእሱ ስሟ ወጣ።

በጥር 1967 አራቱ በኮንሰርት ጉዞ ላይ ሳሉ ሁለተኛ አልበማቸው ገበያ ላይ መዋሉን ሰሙ። እነሱ አልተጠየቁም፤ የሽፋኑን ፎቶ እንኳ ለዚያ እንደተነሡ አያውቁም ነበር። ሎስ አንጀለስ ሲመለሱ ቤቨርሊ ሂልስ ሆቴል ውስጥ ከከርሽነር ጋር ስብሰባ ተቀመጡ። ከርሽነር ያመጣው ቼክ ነው፤ ለእያንዳንዳቸው ሩብ ሚሊዮን ዶላር። ኔስሚዝ ገንዘቡን ሳይሆን መሣሪያውን ነው የምንፈልገው፣ የራሳችንን ሙዚቃ እንጫወት፣ አለበለዚያ እወጣለሁ አለ። የከርሽነር ጠበቃ ውልህን አንብብ አለው። ኔስሚዝ ተነሣና የሆቴሉን ግድግዳ በቡጢ በሳው፤ ወደ ጠበቃው ዞሮም ይህ ያንተ ፊት ይሆን ነበር አለ። ቼኩን ግን ተቀብለዋል፤ ይህንንም አብሮ መናገር ያስፈልጋል።

ከሳምንታት በኋላ ከርሽነር ያልተፈቀደለትን ዘፈን አውጥቶ ተባረረ። ባንዱ ስቱዲዮ ገብቶ፣ ራሱ እየተጫወተ፣ «ሄድኳርተርስ»ን ሠራ። ፍጹም አይደለም፤ ድራሙ አንዳንዴ ይንገዳገዳል። እኔ ግን ከአራቱ አልበሞች ይህንን አስቀድማለሁ፤ አራት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው ሲጫወቱ ይሰማልና። አልበሙ አንደኛ ላይ የቆየው አንድ ሳምንት ነው። በማግስቱ ሳምንት የቢትልሱ «ሳርጀንት ፔፐርስ» መጣና ገፈተረው፤ ከዚያ 11 ሳምንት ተከታትሎ ሁለተኛ ላይ ቆመ። በዚህ መሸነፍ አያሳፍርም።

ከርሽነርስ? ከዚህ በኋላ የማይከራከር ባንድ ፈለገ፤ አገኘም። «ዘ አርቺስ» የተባለው ባንድ አባላት የካርቱን ሥዕሎች ናቸው። በ1969 «ሹገር ሹገር» የተሰኘው ዘፈናቸው አንደኛ ሆነ፤ ግድግዳ የበሳ አልነበረም።

ጂሚ ሄንድሪክስ የመንኪሶች ኮንሰርት ማሟሟቂያ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? እውነት ነው። በሐምሌ 1967 አብረው ወጡ። አራቱ በተለይም ሚኪና ፒተር በሄንድሪክስ ጊታር ፍቅር ነድደው ነበርና በየማታው ቀድመው መጥተው ይሰሙታል። አዳራሹን የሞሉት ግን የዐሥርና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጃገረዶች ናቸው፤ ሄንድሪክስ ጊታሩን ሲያስጮህ እነሱ «ዴቪ! ዴቪ!» እያሉ ይጮኹበታል። ከጥቂት ኮንሰርቶች በኋላ ኒውዮርክ ላይ በቃኝ ብሎ ወጣ። አንድ የሴቶች ማኅበር ስለተቃወመው ተባረረ የሚለው ታሪክ ለጋዜጣ ቀልድ ተብሎ የተፈጠረ ነው።

ስለ ፈጠራ ካነሣን፣ መንኪሶች በ1967 ከቢትልስና ከሮሊንግ ስቶንስ ድምር በላይ ሸጠዋል የሚለውን በብዙ ቦታ ያገኙታል፤ በእንዲህ ዓይነቱ ዓምድ ላይ ሳይቀር። አይመኑት። ኔስሚዝ ራሱ ለጋዜጠኛ የዋሸው ውሸት መሆኑን ከዓመታት በኋላ ተናግሯል። እንደሚዋሽ አስቀድሞ ለጋዜጠኛው ነግሮት ነበር ይላል፤ ወሬው ግን እንደ እውነት ታትሞ ቀረ።

ይኸው «የልጆች ቀልድ» የተባለ ድራማ በ1967 የዓመቱ ምርጥ ኮሜዲ ተብሎ የኤሚ ሽልማትን ወሰደ፤ ከተሸነፉት መካከል «ቢዊችድ» እና «ጌት ስማርት» ነበሩ። ዳይሬክተሩ ጄምስ ፍሮሊም ተሸለመ። በኋላ በ1979 የመጀመሪያውን የሙፔቶች ፊልም ያዘጋጀው እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የምወደውን ልንገርዎ። የኔስሚዝ እናት ቤቲ ዳላስ ውስጥ የባንክ ጸሐፊ ነበረች፤ ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች። የኤሌክትሪክ የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ለእሷ መከራ ሆነባት፤ የተሳሳተ ፊደል ሲፋቅ ቀለሙ ወረቀቱን ያጨማልቀዋል፤ ገጹ እንዳለ ይደገማል። አንድ ቀን ሠዓሊዎች የባንኩን መስኮት ለበዓል ሲያስጌጡ አየች፤ ሲሳሳቱ አይፍቁም፣ በላዩ ይቀባሉ። ቤቷ ሄዳ ነጭ የውሃ ቀለም በጥብጣ በትንሽ ጠርሙስ ያዘች፤ ከቀጭን ብሩሽ ጋር ቢሮ ወሰደችው፤ አለቃዋ ሳያይ ስሕተቷን እየቀባች ትተይብ ጀመር። የሥራ ባልደረቦቿ ለእኛም ስጪን አሏት። ኩሽናዋ ውስጥ በብሌንደር እየበጠበጠች መሸጥ ጀመረች፤ ትንሹ ማይክልና ጓደኞቹ ጋራዥ ውስጥ ጠርሙስ ይሞሉላት ነበር። «ሊኩዊድ ፔፐር» የተባለው ነጭ ማረሚያ ቀለም ይህ ነው። በ1979 ድርጅቷን ለጂሌት ኩባንያ በ47.5 ሚሊዮን ዶላር ሸጠች፤ በዓመቱ ዐረፈች።

ልጇም ዝም ብሎ ወራሽ አልሆነም። በ1980 የሙዚቃ ቪዲዮ ብቻ የሚታይበት «ፖፕክሊፕስ» የተባለ የቴሌቪዥን ዝግጅት ፈጠረ፤ በዓመቱ ኤምቲቪ ተወለደ። ቪዲዮን ለመጀመሪያ ጊዜ የሸለመውን የግራሚ ሽልማት የወሰደውም እሱ ነው፤ «ኤለፋንት ፓርትስ» በተሰኘው ሥራው። ነገሩ ድንገት አልመጣም። በመንኪስ እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ታሪኩ ቆሞ ልጆቹ ዘፈን እየተሰማ የሚሯሯጡበት ሁለት ሦስት ደቂቃ ነበር፤ ዛሬ ክሊፕ የምንለው ማለት ነው።

ሚኪ ዶለንዝ ሙግ የተባለውን ሲንተሳይዘር በግሉ ከገዙ የመጀመሪያ ሰዎች አንዱ ነበር፤ በ1967 የወጣው አራተኛው አልበም ላይ ይሰማል።

ድራማው በ1968 ተቋረጠ፤ በዚያው ዓመት «ሄድ» የተሰኘ ፊልማቸው ወጣ። ከራፈልሰን ጋር ጽሑፉን ያዘጋጀው ሰው፣ ያኔ ሥራው ገና ያልቀናው ተዋናይ፣ ጃክ ኒኮልሰን ነው። ፊልሙ የራሳቸውን ሐሰተኛነት ያፌዝበታል፤ ልጃገረዶቹ አልገባቸውም፣ አዋቂዎቹ አልመጡም፤ ገንዘቡን በላ። ፕሮዲዩሰሮቹ ግን ከመንኪስ ባገኙት ትርፍና አቅም በ1969 «ኢዚ ራይደር»ን አወጡ፤ የሆሊውድ አሠራር ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልሆነም።

በየካቲት 1986 ኤምቲቪ ክፍሎቹን ቀኑን ሙሉ አከታትሎ አሳየ። ባንዱ ሲፈርስ ያልተወለዱ ልጆች የድሮዎቹን አልበሞች መግዛት ጀመሩ፤ ዴቪ፣ ሚኪና ፒተርም ተሰባስበው አሜሪካን ዞሩ። በ2016 ሃምሳኛ ዓመታቸውን ያከበሩበት «ጉድ ታይምስ!» የተባለ አልበም ቢልቦርድ ላይ 14ኛ ደረጃ ደረሰ።

ዴቪ ጆንስ በየካቲት 29 ቀን 2012፣ ፒተር ቶርክ በ2019፣ ኔስሚዝ በታኅሣሥ 2021 ዐረፉ። የቀረው ሚኪ ዶለንዝ ነው። እሱም በ2022 ኤፍቢአይን ከሰሰ፤ የመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰላይ በ1967 ኮንሰርታቸው ላይ ተገኝቶ ከመድረኩ ጀርባ በሚታየው ስክሪን ላይ የቬትናምን ጦርነት የሚቃወም መልእክት አለ ብሎ መዝግቦ ነበርና፣ ፋይሉን ሙሉውን ስጡኝ ማለቱ ነው።

ከ58ቱ ከየትኛው ልጀምር ለሚል አንባቢ፦ ከመጀመሪያው አይጀምሩ፤ ከመጨረሻዎቹ ይጀምሩ። በመጋቢት 1968 ከታዩት በአንዱ ሙዚቀኛው ፍራንክ ዛፓ የኔስሚዝን የሱፍ ኮፍያ አድርጎ፣ ኔስሚዝ የዛፓን አፍንጫ ለጥፎ፣ አንዱ ሌላውን ሆኖ ይነጋገራሉ፤ ከዚያ አንድ አሮጌ መኪና በመዶሻ እየተደበደበ ሙዚቃ ይወጣበታል። የመጨረሻውን ክፍል ደግሞ ዳይሬክት ያደረገው ሚኪ ነው፤ ማብቂያው ላይ ዘፋኙ ቲም በክሊ ብቻውን ጊታር ይዞ፣ ያኔ ገና በሸክላ ያልወጣውን «ሶንግ ቱ ዘ ሳይረን» ይዘፍናል። እስኪያልቅ ሳይነሡ ይስሙት።